ማውሱን ከመለወጥዎ በፊት አንቴናውን ያንቀሳቅሱት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ የብሉቱዝ ማውስ፣ ኪቦርድና የጆሮ ማዳመጫ እጠቀማለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው። ድንገት ግን ማውሱ ቆም ይልና ይዘላል፣ ኪቦርዱ አንዱን ፊደል ደጋግሞ ይጽፋል፣ ሙዚቃውም ይቆራረጣል። ፋይሎቼን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ስገለብጥ ደግሞ ይብሳል። ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ደግሜ ጭኛለሁ፣ አዲስ ማውስም ገዝቻለሁ፤ ለውጥ የለም። እነዚሁ ዕቃዎች ከላፕቶፕ ጋር ሲገናኙ አንድም ችግር የለባቸውም። ብሉቱዙ ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ጋር የመጣ ነው። ሌላ የብሉቱዝ አዳፕተር ልግዛ ወይስ ወደ ባለገመዱ ልመለስ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እርስዎ ምልክቱን ሳይደብቁ በመዘርዘርዎ ሥራዬን በግማሽ አቅልለውልኛል። ከጻፉት ውስጥ ሁለት ነገሮች ላይ ቆሜያለሁ። አንደኛው ወደ ሃርድ ዲስክ ሲገለብጡ ችግሩ መባሱ ነው፤ ሁለተኛው ዕቃዎቹ ከላፕቶፕ ጋር ጤነኛ መሆናቸው። ሁለተኛው ማውሱን፣ ኪቦርዱንና የጆሮ ማዳመጫውን ነጻ ያወጣቸዋል። ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጊዜ ከታመሙ፣ ሕመሙን መፈለግ ያለብን ሦስቱም በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ያም ቦታ የኮምፒውተሩ የብሉቱዝ አንቴና ነው። ስለዚህ ለጊዜው ምንም ዕቃ አይለውጡ፤ ቦታ ይለውጡ። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ብሉቱዝ የሚሠራው ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ባለው የሬዲዮ ክልል ውስጥ ነው። ክልሉ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ፈቃድ የማይጠየቅበት በመሆኑ ነዋሪው ብዙ ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ እዚያ ነው፤ የራሳቸውን ሪሲቨር (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ ተቀባይ) ይዘው የሚሸጡ አብዛኞቹ ገመድ አልባ ማውሶችም እዚያው ናቸው፤ ማይክሮዌቭ ምድጃ ሳይቀር በ2450 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። ብሉቱዝ በዚህ ግርግር ውስጥ የሚኖረው በመዝለል ነው። ክላሲክ የሚባለው ዓይነት ክልሉን 1 ሜጋኸርዝ ስፋት ባላቸው 79 ቻናሎች ከፋፍሎ በሰከንድ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። አዳዲስ ማውሶችና ኪቦርዶች በብዛት የሚጠቀሙበት፣ ባትሪ የሚቆጥበው ዓይነት ደግሞ 2 ሜጋኸርዝ ስፋት ያላቸው 40 ቻናሎች አሉት። በ2003 ከወጣው ከ1.2 እትም ወዲህ ብሉቱዝ የተጨናነቁትን ቻናሎች ለይቶ መሸሽንም ችሏል። አንድ የዋይፋይ ራውተር 20 ሜጋኸርዝ ያህሉን ቢይዝ፣ ብሉቱዝ ያንን ትቶ በቀረው ላይ ይዘላል። ሰዎች ማውሳቸው በተቆራረጠ ቁጥር የጎረቤትን ዋይፋይ ሲከሱ የማልስማማው ለዚህ ነው። ዋይፋይ አንዱን ጥግ ቢይዝም ሌላው ጥግ ይተርፋል።

መሸሻ የሚጠፋው ጫጫታው ክልሉን በሙሉ ሲሸፍነው ነው። እርስዎን የገጠመዎትም ይህ ይመስለኛል። ዩኤስቢ 3.0 በሰከንድ እስከ 5 ጊጋቢት ያስተላልፋል። በዚህ ፍጥነት የሚሮጥ ምልክት ጉልበቱ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ አይከማችም፤ ከታች ተነስቶ እስከ 5 ጊጋኸርዝ ድረስ ይዘረጋል፣ 2.4 ጊጋኸርዝም በመካከሉ ይወድቃል። ከዚያ ላይ ጥቂቱ በመሰኪያው፣ በኬብሉና በሃርድ ዲስኩ ሽፋን ክፍተት ወደ ውጭ ይፈሳል። የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ለክቶ አሳይቷል፦ የዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ ሲሰካ በ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል ያለው የሬዲዮ ጫጫታ ወደ 20 ዴሲቤል በሚጠጋ መጠን ከፍ ይላል። 20 ዴሲቤል ማለት 100 እጥፍ ማለት ነው። ማውሱ ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ ባትሪውም አልደከመም። የሚያዳምጠው አንቴና ግን ወፍጮ ቤት ውስጥ ቆሞ ሹክሹክታ ለመስማት የሚሞክር ሰው ሆኗል። ብሉቱዝ ወደየትኛውም ቻናል ቢዘል ወፍጮው እዚያም ይጮኻል።

ኪቦርዱ ፊደል የሚደጋግምበት ምክንያት ብዙዎችን ግራ ስለሚያጋባ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብሉቱዝ የላከው መልእክት ካልደረሰ እንደገና ይልካል፤ እስኪደርስም ይደጋግማል። ስለዚህ መልእክቱ በአብዛኛው አይጠፋም፣ ይዘገያል እንጂ። አሁን «ለ»ን ሲነኩ ኪቦርዱ ሁለት መልእክት ይልካል፦ ጣትዎ ሲያርፍ «ተጫነ»፣ ሲነሳ «ተለቀቀ»። የመጀመሪያው በሰዓቱ ደርሶ ሁለተኛው በጫጫታው ውስጥ ቢዘገይ፣ ኮምፒውተሩ ጣትዎ ገና ቁልፉ ላይ ያለ ይመስለዋል። ቁልፍ ተጭኖ ሲቆይ እንደሚያደርገውም «ለለለለለለ» እያለ ይጽፋል፤ «ተለቀቀ» የሚለው መልእክት ሲደርሰው ብቻ ያቆማል። ማውሱም እንዲሁ ነው፤ የእንቅስቃሴው መልእክቶች ሲዘገዩ ቀስቱ ይቆማል፣ ተከማችተው ሲደርሱ ይዘላል። የጆሮ ማዳመጫው በተጠባባቂነት የያዘው ጥቂት ድምፅ ስላለው አጫጭር መዘግየቶችን ይሸፍናል፤ ያ ሲያልቅበት ሙዚቃው ይቆረጣል። ሦስቱም ምልክቶች ምንጫቸው አንድ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ይህን በግምት አይቀበሉኝ፤ ራስዎ ይፈትሹት። ፈተናው አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ተራ የሥዕል ፕሮግራም ይክፈቱና ውጫዊውን ሃርድ ዲስክ በሥርዓት አስወጥተው ኬብሉን ይንቀሉ። ከዚያ ማውሱን ተጭነው ትልልቅ ክቦችን በእኩል ፍጥነት ደጋግመው ይሳሉ። የክቡ መስመር ያለማቋረጥ የተጠማዘዘ መሆን አለበት። አሁን ሃርድ ዲስኩን መልሰው ይሰኩ፤ ሁለት ሦስት ጊጋባይት የሚሆን ፋይል መገልበጥ ያስጀምሩና ያንኑ ክብ በዚያው ፍጥነት ይሳሉ። ጫጫታው ጥፋተኛ ከሆነ ክቡ ይሰበራል፤ ኩርባ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው የተሰመሩ ቀጥ ያሉ መስመሮችን ያያሉ። እያንዳንዱ ቀጥ ያለ መስመር የማውሱ መልእክት ሳይደርስ የቆየበት ቅጽበት ነው። ግልበጣው ሲያልቅ ክቡ ወደ ቅርጹ ከተመለሰ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገንም። ሁለቱን ሥዕሎች አስቀምጧቸው፤ ማስተካከያ ባደረጉ ቁጥር እንደገና እየሳሉ ያወዳድሩበታል። ሰው «የተሻለ ይመስለኛል» ብሎ ብዙ ገንዘብ ያጠፋል፤ ክቡ ግን አይዋሽም።

ወደ ማስተካከያው እንምጣ። ከሁሉም በፊት የኮምፒውተሩን ሳጥን ጀርባ ይመልከቱልኝ። ብሉቱዙ ከማዘርቦርዱ ጋር የመጣ ከሆነ፣ ከዩኤስቢና ከኔትወርክ ፖርቶቹ አጠገብ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ወርቃማ መሰኪያዎች ይኖራሉ። እነዚህ የአንቴና መሰኪያዎች ናቸው። ሁለቱም ላይ አንቴና አለ? ጠብቋል? ይህን የምጠይቀው ከልምድ ነው። በአንድ ወቅት ሁለት ቀን ሙሉ ስደክምበት የከረምኩት ኮምፒውተር ነበር፤ ድራይቨር አውጥቼ አስገባሁ፣ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንኩ፣ ማውሱን በሌላ ለወጥኩ። ማውሱ ከሳጥኑ አንድ ክንድ ያህል ሲርቅ ይቆራረጣል፣ ሲጠጋ ይሠራል። በመጨረሻ ሳጥኑን ከግድግዳው አርቄ ጀርባውን ባየው ሁለቱ ወርቃማ መሰኪያዎች ባዶ ናቸው። ባለቤቱ የማዘርቦርዱን ካርቶን አውጥቶ ሲያሳየኝ አንቴናዎቹ ከነላስቲካቸው፣ ሳይከፈቱ ተቀምጠዋል። «ኢንተርኔት የምጠቀመው በገመድ ነው፤ የዋይፋይ አንቴና ምን ያደርግልኛል ብዬ ተውኩት» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲሁ ያስባል፤ ስሕተቱም የሚገባ ነው፣ ምክንያቱም ማንም አልነገረውም። ዋይፋይና ብሉቱዝ በእንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ አንድ ካርድ ናቸው፤ አንቴናውንም ይጋራሉ። አንቴና የሌለው ብሉቱዝ ጨርሶ አይሞትም፤ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ይሠራል፣ ትንሽ ራቅ ሲል ይንገዳገዳል፣ ትንሽ ጫጫታ ሲመጣ ይወድቃል። ሰው የሚታለለውም «አንዳንዴ ይሠራል» በሚለው ነው። ብሉቱዙ ከሁለቱ መሰኪያዎች የትኛውን እንደሚጠቀም ከውጭ ስለማይታይ ሁለቱንም ይግጠሙ። በጣት ብቻ ያጥብቁ፤ ፒንሳ አያስፈልግም፣ መሰኪያውን ይሰብራል።

አንቴናዎቹ ካሉና ከጠበቁ፣ የት እንዳሉ ይመልከቱ። ዴስክቶፕን ከላፕቶፕ የሚለየው ዋነኛ ነገር ይህ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ አንቴናው በብዛት በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ስለሚሆን ማውሱን ፊት ለፊት ያየዋል፤ በዴስክቶፕ ግን አንቴናው ከሳጥኑ ኋላ፣ ሳጥኑም ከጠረጴዛ ሥር ነው። በአንቴናውና በማውሱ መካከል የብረት ሳጥን፣ የጠረጴዛው ገበታ፣ ከዚያም የእርስዎ እግሮች አሉ። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ያግዳል፤ አብዛኛው ውኃ የሆነው ሰውነታችንም በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሞገዱን ይመጠዋል። በዚያ ላይ አንቴናው የተገጠመበት ቦታ ከዩኤስቢ 3.0 ፖርቶቹ የሚርቀው በጣት ስፋት ብቻ ነው። ማለትም ማውሱ ሩቅና ተሸፍኖ ሳለ ወፍጮው ጆሮ ሥር ነው። ማውሱ መቆራረጡ ሳይሆን እስከ ዛሬ መሥራቱ ነው የሚደንቀው።

መፍትሔው ሁለቱን ማገላበጥ ነው፦ ማውሱን ማቅረብ፣ ጫጫታውን ማራቅ። አንቴናዎ የራሱ ገመድና መቀመጫ ያለው ከሆነ ወደ ጠረጴዛው ላይ ያውጡት፤ ከሃርድ ዲስኩም ይራቅ። አጭር ዘንግ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሃርድ ዲስኩን ያንቀሳቅሱ፤ ከኋላ ነቅለው ከፊት ባለው ፖርት ይሰኩትና ክቡን እንደገና ይሳሉ። በክፍት ቦታ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ጫጫታውን ከ3 ሳንቲ ሜትር ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ማራቅ ምን ያህል እንደሚያስታግሰው ከዚህ ይገምቱ። የሃርድ ዲስኩን ኬብልም አይናቁት። ውስጡ ያለው የብረት መከላከያ የሳሳ ወይም መሰኪያው የላላ ኬብል ዋና አፍሳሽ ነው፤ አጭርና ወፍራም በሆነ ደህና ኬብል መለወጥ ብቻውን ችግሩን የፈታበት ጊዜ አጋጥሞኛል። ኬብሉን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሉ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ወረቀቱ ተቀዶ ፖርት ውስጥ ከገባ የሚያደርሰው ጉዳት ከማውስ መቆራረጥ ይከፋል።

ዩኤስቢ ሃብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚያበዛው ዕቃ) ካለዎት ሌላም ነገር አለ። በአንድ ሃብ ላይ ሃርድ ዲስክና የማውስ ሪሲቨር ጎን ለጎን መሰካት ከማውቃቸው አቀማመጦች ሁሉ የከፋው ነው። በብዛት ሰማያዊ የሆነው የዩኤስቢ 3.0 ፖርት በራሱ ወንጀለኛ እንዳልሆነ ግን ልብ ይበሉ፤ የብሉቱዝ አዳፕተርና የማውስ ሪሲቨር የ3.0ን ፍጥነት አይጠቀሙም፣ ስለዚህ እነሱ የተሰኩበት ፖርት አይጮኽም። የሚጮኸው ፋይል የሚሮጥበት ጎረቤቱ ነው።

ዋይፋይን ሙሉ በሙሉ ነጻ አላወጣሁትም። ከጎረቤት ዋይፋይ ይልቅ የሚያሳስበኝ በራስዎ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ነው። ዋይፋይዎ በ2.4 ጊጋኸርዝ ከተገናኘ፣ ያው አንድ ካርድ ያንኑ ክልል ለሁለት ሥራ ያውላል፤ ትልቅ ፋይል ሲያወርዱ ብሉቱዙ ተራ ይጠብቃል። ወደ 5 ጊጋኸርዝ ያዛውሩት፤ የኔትወርክ ገመድ ካለ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ራውተርዎ በ2.4 ላይ የ40 ሜጋኸርዝ ስፋት እንዲጠቀም ተደርጎ ከሆነ ወደ 20 ይመልሱት፤ 40 ሲሆን ካለው ክልል ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። ራውተሩ ከኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ከሆነም ያንሱት።

አሁን ሰዎች የሞገድ መጠላለፍ የሚመስሏቸውን፣ ነገር ግን ያልሆኑትን ልለይ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው መንገድ ይስታል። ዕቃው የሚቋረጠው ለጥቂት ደቂቃ ሳይነኩት ከቆዩ በኋላ ከሆነና ሲነኩት ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ጉዳዩ ኃይል መቆጠብ ነው። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የብሉቱዝ አዳፕተሩን ከፍተው፣ ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ መሣሪያውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። ሦስቱም ዕቃዎች በአንድ ቅጽበት ጠፍተው የብሉቱዝ አዳፕተሩ ራሱ ከዝርዝሩ ላይ የሚሰወር ከሆነ ደግሞ ይህ ጫጫታ አይደለም፤ ጫጫታ ንግግርን ያውካል እንጂ ሰሚውን አያጠፋውም። ያን ጊዜ ነው ድራይቨር የሚታሰበው፤ እሱም ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ ይወሰድ እንጂ «ሁሉንም ድራይቨር አድስልሃለሁ» ከሚሉ ፕሮግራሞች አይሁን። ከዚያ በፊት ግን ኮምፒውተሩን ዘግተው የኤሌክትሪክ ገመዱን ለአንድ ደቂቃ ያህል ይንቀሉ። ተራ መዝጋትና መክፈት ካርዱን ከኃይል ስለማያላቅቀው የተጣበቀው እንደተጣበቀ ይቀራል።

የጆሮ ማዳመጫዎ ድምፅ ሳይቆረጥ በድንገት እንደ ስልክ ድምፅ የሚደፈርስ ከሆነ፣ የሆነ ፕሮግራም ማይክሮፎኑን ከፍቶታል ማለት ነው። ክላሲኩ ብሉቱዝ ጥራት ያለው ስቴሪዮ ሙዚቃና ማይክሮፎን በአንድ ጊዜ አይሸከምም፤ ማይክሮፎኑ ሲከፈት ወደ ጥሪ ድምፅ ይወርዳል። ለስብሰባ ሌላ ማይክሮፎን መምረጥ ይፈታዋል። ማውሱ በመስታወት ወይም በሚያንጸባርቅ ገበታ ላይ ብቻ የሚዘል ከሆነ ደግሞ የሚታወረው የሥሩ ዓይን ነው፤ ነጭ ወረቀት ዘርግተው ይሞክሩት።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። አንቴናውን አጥብቀው፣ ሃርድ ዲስኩን አርቀው፣ ዋይፋዩንም አዛውረው ክቡ አሁንም ከተሰበረ፣ ያን ጊዜ አዳፕተር መግዛት ተገቢ ነው። ነገር ግን አዳፕተሩን ከሳጥኑ ኋላ ከሰኩት የገዙት ያንኑ ችግር ነው። አብሮት አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን ተራ የዩኤስቢ 2.0 ማራዘሚያ ኬብል ይግዙና አዳፕተሩን ጠረጴዛው ላይ፣ ማውሱና ኪቦርዱ በሚያዩት ቦታ ያሳርፉት። እውነቱን ልንገርዎና፣ ከሁለቱ ግዢዎች ሥራውን የሚሠራው ማራዘሚያው ነው። ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ የሚያሠራው አንድ የብሉቱዝ አዳፕተር ስለሆነ የማዘርቦርዱን በዲቫይስ ማኔጀር ማሰናከል ይኖርብዎታል፤ ከዚያም ሦስቱንም ዕቃዎች ከአዲሱ አዳፕተር ጋር እንደገና ያጣምሯቸዋል።

የድሮውን ከማሰናከልዎ በፊት ግን ባለገመድ ማውስና ኪቦርድ ይሰኩ። ብሉቱዙ በተሰናከለበት ቅጽበት ማውሱም ኪቦርዱም አብረው ይሄዳሉ፤ መልሶ የሚያበራልዎ እጅ አይኖርዎትም። ወደ ባለገመዱ ልመለስ ወይ ላሉት መልሴም ይኸው ነው፦ ለዘወትር ሥራ መመለስ አያስፈልግዎትም፣ ባለገመዱን ኪቦርድ ግን አይጣሉት። የብሉቱዝ ኪቦርድ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ሲስተሙ ተነስቶ እስኪያልቅ ድረስ አይሠራም፤ የማዘርቦርዱን ማስተካከያ ገጽ ለመክፈት ሲፈልጉ ያው አሮጌው ነው የሚደርስልዎት።